በርቢ የተሰጠ ደም

ስደተኛ ሁሉ አወጣጡን ሲያወራ ከሌሊት ይጀምራል። እኔ ግን ከጎንደር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ በአንድ እጄ በርበሬ የታጨቀበት ቦርሳ፣ በሌላው የአባቴ ደም ያለበት ሳጥን ይዤ። አትደንግጡ፣ ሰውዬው ያኔ ደህና ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር አራዳ ውስጥ ደም መርማሪ ሆኜ ስሠራ ጀርመን አገር የትምህርት ዕድል አገኘሁ። ጥናቱ ቲአርኤንኤ በሚባል ነገር ላይ ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን ሲሠራ እንደ ግንበኛ ነው፤ ድንጋይ ሲል ድንጋይ፣ ጭቃ ሲል ጭቃ የሚያቀብለው ቲአርኤንኤ ነው። አንዳንድ ሰው ዘንድ አንዱ አቀባይ ትንሽ ተለውጦ ይገኛል፤ ድንጋይ ሲጠየቅ ጭቃ ያቀብላል። ቀደም ብዬ የላክሁት የራሴ ደም ሲመረመር እንዲህ ያለው እኔ ዘንድ ተገኘ። ጥናቱን የምትመራው ፕሮፌሰር ከወላጆችሽ ከማን እንደወረስሽው እንወቅ ብላ ጻፈችልኝ።

እናቴ "እኔን ተይኝ፣ ያለኝ ደም ለራሴም አልበቃኝ" አለች። አባቴ ግን ከአዲ አርቃይ በማኪና መጥቶ ክንዱን ሰጠኝ።

"ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ቫይረስ እንጨምርበታለን። ቫይረሱ የገባበት የደም ሕዋስ መሞቱን ትቶ ዝም ብሎ ይራባል።"

"በርቢ ሰጠሁሽ በይኛ" አለ።

ላምን ለሌላ ሰው በርቢ ሰጥቶ ማስረባት፣ ጥጃውንም መካፈል የአገራችን ወግ ነው። የፈቃድ ወረቀቱ ግን "ወደፊት ምንም አልጠይቅም" ይላል። አነበብኩለት፤ ስቆ አውራ ጣቱን አተመበት።

ጀርመን ስደርስ ኤርፖርቱ ላይ አንድ ፖሊስ ሳጥኑን አስከፈተኝ።

"ምንድን ነው?"

"የአባቴ ደም።"

ወረቀቶቹን አገላበጠና "ተሟልቷል፣ ይለፍ" አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። "ያንቺ የቤት ኪራይ ውልስ?"

ደሙን የምማርበት ተቋም ሾፌር ተቀብሎት ሄደ። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ቀረሁ።

የደባርቅን ብርድ ሳማርር የኖርኩ ሰው፣ እዚህ ይቅርታ ጠየቅሁት። አከራዬ ገና በሳምንቴ በሬን አንኳኩታ "ወጥሽ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል፣ መስኮት ክፈቺ" አለችኝ። ውጭው በረዶ ነው ብላት "ታዲያ አታብስዪ" ብላኝ ሄደች። እኔ በካፖርት እተኛለሁ፤ የአባቴ ሕዋሳት ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ተንደላቀው ይኖራሉ።

አባቴ በደወልኩ ቁጥር ከእኔ በፊት የሚጠይቀው እነሱን ነበር።

"ደሜ እንዴት ሰነበተ? ረባ ወይ?"

"ሸጋ ነው አባዬ። አንዱ ጠርሙስ ሞልቶ ወደ ሌላ አዛወርነው።"

"ምን ያበሉታል?"

"ስኳርና ጨው ያለበት ውሃ" አልኩት። ከጥጃ ደም የሚወጣ ፈሳሽ እንደሚጨመርበት ደበቅሁት። አባቴ ታሞ እንኳ ጦም ገድፎ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ድንገት ሞተ። በማግስቱ ተቀበረ። ለአርባው ተዝካር ግን እደርሳለሁ ብዬ ማልኩ፤ በእኛ ዘንድ የሟች ርቢ ያለበት ሁሉ ተዝካሩ ላይ ቆሞ ለወራሾቹ ይናገራል። ዝም ያለ ሌባ ነው።

የመኖሪያ ፈቃዴ አልቆ አዲሱ አልወጣም ነበርና የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ።

"መውጣት ትችያለሽ" አለኝ ሹሙ። "ተመልሰሽ መግባት ነው የማትችዪው።"

"አባቴ ሞቶብኝ ነው።"

"በጀርመንኛ የተተረጎመ የሞት ምስክር ወረቀትስ?"

"የቀበሩት ቄስና ጎረቤት ናቸው።"

"እንግዲያው ለእኛ ገና አልሞተም። ተርሚን ያዢ።"

ተርሚን የሚሉት ቀጠሮ ነው፤ የእኔ ከሁለት ወር በኋላ ሆነ።

በዚያው ሳምንት ፕሮፌሰሯ ፊቷ በርቶ መጣች። ውጤቱ ወጥቷል። ከአባቴ የወረስኩት የተለወጠ አቀባይ በሕዋሳቱ ውስጥ ሥራ ፈት አልነበረም፤ ይሠራል፣ ይሳሳታል፣ ሕዋሱም ስህተቱን ችሎ ይኖራል። "ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ችሎት ኖረ ማለት ነው" አለች።

"ሞቷል" አልኳት።

"አዝናለሁ። ደግነቱ ሕዋሳቱ አሉን።"

ጠላኋት። አንድ ጠርሙስ ስጪኝ፣ ወስጄ ከጎኑ ልቅበረው ብላት የአውራ ጣቱን አሻራ አሳየችኝ። ያን ወረቀት ያስፈረምኩት እኔ ነኝና ራሴንም ጠላሁ።

ተዝካሩ ያለእኔ ሐሙስ ዋለ። ዓርብ ጠዋት ከላቦራቶሪው ለእናቴ ደወልኩ።

"ጎረቤታችን አያ ፈንታ ቆሞ ጊደር አለብኝ አለ" አለችኝ። "አንቺ ዘንድ ያለውን ደሙን የሚናገር ግን ጠፋ።"

"እኔው ልናገር እምዬ። የአባዬ ሕዋሳት ብዙ ሆነዋል። ግን ፈረንጆቹ አይሰጡንም፤ የእኛ ናቸው አሉ።"

"በሕይወት አሉ?"

"አሉ።"

"እስከ መቼ?"

"እኛም ካለፍን በኋላ።"



"እኔ እኮ ቀብሬዋለሁ ብዬ ነበር" አለች። "ምነው ሳትነግሪኝ? በይ ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጦሙን እንዳታስገድፊብኝ አደራ።"

"እሺ እምዬ" አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ጓንቴን አጠለቅሁ። የጥጃው ፈሳሽ ከበረዶ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ቀልጦ ነበር። ሕዋሳቱ ከማክሰኞ ወዲህ አልበሉም፤ ዛሬ ካልተመገቡ ሰኞ ሞተው አገኛቸዋለሁ። መገብኳቸው።