እግሩን ወደ ሰማይ የሰቀለ ስም

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። የልጅ ልጄ ሄለን እዚሁ ሮቤ ታስተምራለች። ሰሞኑን ከአስተማሪዎች ሥልጠና ተመልሳ እራት ላይ የተማረችውን ስታወራልን ነበር። ተማሪ በወረቀት ፈተና ብቻ ሳይሆን በእጁ በሠራውም ሊመዘን ይችላል አለች፤ የሚደርስበትን ግብ ራሱ ሲያወጣ ደግሞ ልቡ ይነሣሣል። «አዲስ ነገር ነው እኮ፣ አኮ» አለችኝ። አኮ ይሉኛል ሁሉም፣ እንደ ኦሮሞው ልማድ፣ አያት ማለታቸው ነው። እኔም አንድ ጉርሻ አጎረስኳትና «እኔ ላይ ተሞክሯል» አልኳት። ከዚያ በኋላ ማን ይለቀኛል።

ያኔ ጃንሆይ ነበሩ፤ ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ፣ ሮቤ ግን በገብስ ማሳ የተከበበች ትንሽ ቦታ ነበረች። እኛ ከከተማው ዳር እናርሳለን። ከጓዳችን ጎን ያለችውን ክፍል እትዬ ሰናይት ተከራይታ ትኖር ነበር። እትዬ ሰናይት ከሐረር የመጣች አስተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ብርድ የማትችል፣ ክረምት ሲገባ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ የምትሄድ። እናቴ «ይቺ ልጅ ሳትሞት ቀድማ ተገንዛለች» እያለች ትቀልድባት ነበር፤ ግን ትኩስ ገንፎ ሳትልክላት አታድርም።

ወንድሞቼ ይማራሉ። እኔ ሴት ልጅ፣ ያውም የመጀመሪያዋ፣ ቤት ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት በጭቃው መሐል ደብተራቸውን በፌስታል ሳይሆን፣ ያኔ ፌስታል የት አለ፣ በቁራጭ ቆዳ ጠቅልለው ሲሄዱ ከአጥሩ ላይ አያለሁ። ዛሬም ክረምት ላይ እርጥብ ቆዳ ሲሸተኝ የሆነ ነገር ውስጤን ይጎትተዋል። ምን እንደሆነ ለልጆቹ ማስረዳት አልችልበትም።

በዚያ ክረምት የአውራጃው አስተማሪዎች ሁሉ ጎባ ላይ ለሥልጠና ተጠሩ። ከአዲስ አበባ አንድ አሰልጣኝ መጥተው ነበር። እትዬ ሰናይት ቅዳሜ ስትመለስ ግራ ገብቷት ነበር የመጣችው። አሰልጣኙ ለእያንዳንዳቸው፣ ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ አንድ ሰው አስተምራችሁ አምጡ፣ ምን መቻል እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ፣ ፈተናውንም ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ አድርጉት ብለዋቸዋል። እሳቱ ዳር ቁጭ ብላ እጇን እያሟሟቀች ዞር ብላ አየችኝ።

«አቡ፣ አንቺ ምን መቻል ትፈልጊያለሽ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህን ሥሪ፣ ያን አምጪ ነው እንጂ ምን ትፈልጊያለሽ አይባልም ነበር በኛ ቤት። ብዙ አሰብኩ። ኋላ «ስሜን መጻፍ» አልኳት።

አባቴን ማስፈቀድ ነበረባት። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጅራፉን እየገመደ አዳመጣት። በዚያው ሰሞን ከዲንሾ ሽማግሌዎች መጥተው ለልጃቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ መልስም እየጠበቁ ነው። አባቴ ጅራፉን አስቀመጠና «ፈታኙ ሰውዬ አልፋለች ካሉ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ። ካላሉ ለዲንሾዎቹ እሺ እላለሁ» አለ። ይኸው ነው። አባቴ አንዴ ከተናገረ አይደግምም።

እትዬ ሰናይት ፊደሎቹን በአመድ ላይ በጣቷ እየጻፈች አሳየችኝ። ያለ ወረቀት ምን ላይ ልፈተን ስንል፣ ስፌቴን አየችው። የኛ አገር ልጃገረድ ከመዳሯ በፊት ሙዳይ ትሰፋለች፣ ቅቤዋንና ጌጧን የምታስቀምጥበትን ክዳን ያለው ትንሽ ስፌት። የኔም ሆዱ አልቆ ክዳኑ ቀርቶ ነበር። «እዚያ ላይ ስፊው» አለች። ስንደዶውን በውሃ አርሼ፣ ቀይ የተነከረውን አለላ መርጬ፣ አበበች የሚለውን ስሜን ዙሪያውን ሰፋሁት። ዝናቡ ሣር ቤቱን ሲመታው፣ ወስፌው ጣቴን ሲወጋኝ፣ ያ ሁሉ ደስ ይል ነበር። ደስታ ሲመጣ ስሙን አይናገርም፤ ኋላ ነው የሚታወቀው።

ቀኑ ደርሶ ጎባ ሄድን። መንገዱ ጥቁር ጭቃ ነበር፤ ጋሪው እየሰመጠ፣ እኛ እየወረድን እየገፋን። ገብሱ ሊያሸት ደርሷል። እናቴ የቋጠረችልንን ጩኮ፣ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ በመንገድ ላይ በላን። ቅቤው በብርዱ ረግቶ ከላንቃ ጋር ይጣበቃል። ወደ ሳነቴ በኩል ያለው ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም።

አዳራሹ ውስጥ አስተማሪዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አሰልጣኙ ካፖርት የለበሱ ትልቅ ሰው ናቸው። ሙዳዩን ተቀብለው ክዳኑን ሆዱ ላይ ገጠሙት፤ አዩት፤ አዞሩት።

«ይሄ ፊደል ነው?» አሉ።

እኔም ያን ጊዜ አየሁት። ሁለቱ «በ» ፊደሎች እንደ ተገለበጠ በርጩማ እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለዋል። ከኋላ አንዱ አስተማሪ «ስካር ላይ ያለ ፊደል ነው» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ዲንሾ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የአባቴ ጅራፍ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ። እትዬ ሰናይትን አየኋት። ልትመልስልኝ ትችል ነበር። እሷ ግን ወደኔ ዞረች።

«አቡ፣ አንቺ ምን ትያለሽ ስለ ሥራሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ተነሣሁ። ክዳኑን ከሆዱ አላቅቄ ገልብጬ እንደ ጽዋ ያዝኩት። «ስሰፋ እንዲህ ነበር፣ ጭኔ ላይ። ከመሐሉ ጀምሬ ወደ ላይ ነው የሰፋሁት። ሲከደን እንደሚገለበጥ ረሳሁ» አልኩ።

«ታዲያ ሌላ ጊዜስ?»

«ከአናቱ ነው የምጀምረው። እግሩን መጨረሻ።»

ሳቁ ቆመ። አሰልጣኙ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ብዙ ስም ጻፉና የቱ ነሽ አሉኝ፤ ሄጄ የራሴ ላይ እጄን አኖርኩ። ከዚያ ቁጭ ብለው «ቀጥሎስ የት መድረስ ትፈልጊያለሽ ልጄ?» አሉ።

«ክፍል ውስጥ። ፊት ወንበር ላይ» አልኩ።

ለአባቴ አልፋለች እንድትለው ለእትዬ ሰናይት ነገሯት። እሷም ለአባቴ ነገረችው። «ኢንተላ ኮ» አለ አባቴ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ ክዳኑን ተቀብሎ በሁለት እጁ አገላብጦ አየው። እግሩ ወዴት መሆን እንዳለበት አሳየሁት።

መስከረም ጠባ። እትዬ ሰናይት ወደ ሌላ አገር ተዛወረች፤ ስታቅፈኝ ጋቢዋ የጭስ ሽታ ነበረው። በዚያው ሰሞን አባቴ አንድ ጠዋት ወጣ፣ ቀትር ላይ ተመለሰና ክዳኑን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ «ትምህርቱ ይቅርብሽ። እናትሽን ማን ያግዛት» አለ። በዓመቱ ለዲንሾዎቹ ተዳርኩ። የቀሩትን ፊደሎች ኋላ ከልጆቼ ደብተር ላይ ለቀምኳቸው። አባቴን ግን፣ እስኪሞት ድረስ፣ ቃሉን ያጠፈ ሰው አድርጌ ነው የያዝኩት።

ሄለን ክዳኑን ከግድግዳው አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ቀለሙ ደብዝዟል። ትንሹ ልጅ «ታዲያ አኮ፣ ለምን አባትሽ ከለከለሽ?» አለኝ። ቀሪውን ለነሱም የነገርኳቸው ያኔ ነው።

የአባቴ ለቅሶ ላይ የትምህርት ቤቱ የድሮ ዘበኛ ኦቦ ጉታ አጠገቤ ተቀመጡ። ያን መስከረም አባቴ ክዳኑን ጋቢው ውስጥ ይዞ መጥቶ እንደ ነበር ነገሩኝ። አስተዳዳሪው ፊት አውጥቶ፣ ፊደል የማያውቀው አባቴ፣ እግሩን ወደ ታች አድርጎ በትክክል ይዞ አሳያቸው። ዕድሜዋ ለአንደኛ ክፍል አልፏል፣ አንቀበልም አሉት። ለመነ። እምቢ አሉት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ለኦቦ ጉታ እንዲህ አለ፦

«አልፋ ሳለ አልተቀበሏትም ብለው ልቧን እንዳይሰብሩት። እኔ እንደ ከለከልኳት ትወቅ።»