ከኡልመከን ፊት በስተቀር

በሙይናቅና በዙሪያዋ ያለህ፣ ባሕር ሸሽቶህ መርከቦችህ አሸዋ ላይ የቀሩብህ ሕዝብ ሁሉ፣ ጆሮህን ወዲህ ስጥ! ባለ አንድ ካሜራው ቋኒሽ፣ ማንም ሳይለምነው፣ የጨውና የንቃቃት ሁሉ የክብር ፎቶ አንሺ አድርጎ ራሱን በራሱ መሾሙን እወቅ። ሠርግ ያለብህ ሌላ ፈልግ።

በሹመቱ ደግሞ አልሰነፈም። ማለዳ ማለዳ ባሕሩ ጥሎት ወደሄደው ሜዳ ወርዶ በሆዱ ይተኛል። ጨው እንደ ዓሣ ቅርፊት ሲደራረብ፣ ጭቃ ደርቆ እንደ ተረከዝ ሲሰነጣጠቅ ያነሳል። ሚስቱ ኡልመከን የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክማ ትከተለዋለች፤ ብርሃኑ እንዲለዝብለትም ነጭ አንሶላ ዘርግታ ትቆማለች።

"አንድ ቀን እንኳ እኔን ብታነሳኝ ምን አለበት?"

"ፊልሙ ከኑኩስ ከተማ ድረስ ነው የሚመጣው። አንቺ ነገም አለሽ፤ ይህን ግን ነፋስ ይወስደዋል። ይልቅ ጥላሽን ዞር አድርጊልኝ።"

ፈላስፋው ተሳሳተ። ያ ውብ ጨው በነፋስ እየተነሳ ሳንባዋ ውስጥ ገባ፤ ሳል ሲያጣድፋት ከርሞ በብርዱ ወራት ጨረሳት። ጨው ዛሬም አለ።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ቋኒሽ ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ሄደ። በአገሩ ልማድ የመቃብር ድንጋይ ላይ የሟች ፊት ይቀረጻል፤ ፊት የሌለው ድንጋይ፣ ከሥሩ የተኛው ሰው ወገን አልነበረውም ያሰኛል።

"ፎቶዋን አምጣ" አለ ጠራቢው ሳፓር፣ ሁሉ በአክብሮት "አጋ" የሚለው ሽማግሌ።

"የለኝም፣ ሳፓር አጋ።"

"ምን? የዳቦ ጋጋሪ ሚስት በረሃብ ሞተች በለኛ! የመታወቂያዋስ?"

"ስትሞት ለመንግሥት ቢሮ አስረከብን፤ ቀደዱት።"

"የሠርጋችሁስ?"

ቋኒሽ አቀረቀረ። "ያኔ በከተማው ካሜራ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ቀን ደግሞ... መስኮቱ ላይ ውርጭ ነበር። አበባ የመሰለ ውርጭ።"

አብራው የመጣችው የሟቿ እህት አይጃን አላስጨረሰችውም። "ውርጩን ይቅረጹለታ፣ አጋ! ስሟን ከሥሩ ይጻፉበት። ባሏም ቢሆን አይለየው!"

ቤቱ ገብቶ ሳጥን ሙሉ ነጋቲቩን በመስኮት ብርሃን አንድ በአንድ አየ። የጫማዋ ጫፍ አለ። አንሶላ የጨበጠ አውራ ጣቷ አለ። ጥላ፣ ጥላ፣ አሁንም ጥላ። ፊት የለም። አንዲት ፎቶ ብቻ ትዝ አለችው፤ ነፋስ የገፋውን አንሶላ ልትይዝ ጎንበስ ስትል በግራ በኩል የገባችባት። እየሳቀች ነበር። "አበላሸሽው!" ብሎ ጮኾባታል።

ያቺን ፎቶ፣ ነጋቲቩን ጭምር፣ ገና ኡልመከን በሕይወት ሳለች ለአንድ አላፊ እንግዳ ሰጥቷታል። እንግዳው "ግድ የለህም፣ ጠርዙን ክፈፉ ይሸፍነዋል" ብሎ አጽናናው። ስሙን አልጠየቀውም፤ ቋኒሽ ሰው ነክ ነገር መጠየቅ አልለመደበትም።

ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ ድንጋዩ ልሙጡን ቆመ። ሳፓር ለፊቷ ቦታ ትቶላታል። ነፋሱ እዚያው ላይ ጨው ይለጥፍበታል፣ ቋኒሽም በእጅጌው ይጠርጋል፤ ነፋሱ መልሶ ይለጥፋል።

እናንተ ግን፣ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ነጭ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ለእንግዳ "ረቂቅ ጥበብ ነው" የምትሉ፣ ማድነቁን ለጊዜው ተዉትና አውርዱት። ክፈፉን ፍቱት። በግራው ጠርዝ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ስትስቅ ካገኛችሁ፣ እባካችሁ...