የማክሰኞ መርዶ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃልሎ ሲታይ ምን ያህላል? የሚመዘነው የሠራው ሥራ ነው ወይስ እየሠራ የተሰማው? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ብዙ ገጽ ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቻለሁ። ዛሬ ጥያቄው ሲነሳብኝ ትዝ የሚለኝ ግን ሳን ሆዜ ጎረቤቴ የነበረው ጥሩነህ ነው።

ጥሩነህ አዲስ አበባ የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበር። በሱዳን አድርጎ እዚህ አሜሪካ ከመጣም በኋላ እጁ ከሳሙና አልወጣም፤ የአንድ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን ልብስ ማጠቢያ ላንድሪ ውስጥ ተቀጠረ። ፉትቦል ስል የእኛን ኳስ አይደለም፤ ያንን ሄልሜት አጥልቀው የሚላተሙበትን ነው። ጨዋታው ሦስት ዓመት ሙሉ አልገባውም። የማን ማሊያ በጭቃ፣ የማን በደም ተለውሶ እንደሚመለስ ግን ያውቃል።

"ጋሼ፣ እኔ የምደነግጠው ንጹሕ ማሊያ ሳይ ነው" ይለኝ ነበር። "አልተሰለፈማ። ያልተሰለፈ ደግሞ አይሰነብትም።"

እ.ኤ.አ. በ1985 አዲስ ኮች መጣ። የፊተኛው ኮች ተጫዋች ሲያሰናብት ራሱ ጠርቶ፣ ትከሻውን ይዞ ነበር። አዲሱ ለዚህ ጊዜ የለውም። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የሚሰናበቱትን ስም በወረቀት እየጻፈ ለጥሩነህ ይሰጠው ጀመር። የእሱ ሥራ ሰውየውን ፈልጎ "ኮች ይፈልግሃል፤ የጨዋታ ደብተርህን ይዘህ ሂድ" ማለት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ማለቁን ያውቃል። ለምን እኔን ብሎ ቢጠይቀው፣ "አንተ ጸጥተኛ ነህ፤ ክርክር አታበዛም" አለው።

ሚስቱ እጅጋየሁ ስትሰማ ሳቀች። "አጣቢ ብለው ቀጥረው መርዶ ነጋሪ አደረጉህ? በል ነጠላህን አዘቅዝቃ!"

"ተይ አትቀልጂ፤ ሰዎቹ ልጆች አሏቸው።"

እሷ ለቀልድ የወረወረችው ቃል እሱ ልብ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። በአገራችን መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰውየው እራቱን በሰላም ይብላ ተብሎ ይታደራል፤ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚነገረው። ጥሩነህም በዚሁ ወግ ሠራ። ስሙ የወጣውን ሰው መጀመሪያ የቡድኑ መመገቢያ ቤት ወስዶ ቁርስ ያበላዋል። ሊጉ በፈረንጆቹ ጸደይ የሚካሄድ ስለነበር ሁዳዴ ላይ ወድቋል፤ እሱ ስለሚጾም ባዶ ሳህን ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ከዚያ ይነግረውና እስከ ኮቹ ኦፊስ በር ይሸኘዋል።

ተጫዋቾቹ ነቁበት። "ቲ፣ ዛሬ እንቁላል እንዳትጋብዘኝ! ጠግቤያለሁ!" እያሉ ሲያዩት ይሸሹ ጀመር። እነሱ ይስቃሉ፤ እሱ ግን ላንድሪው ገብቶ በሩን ይዘጋል።

ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸነፈ፤ ቀጥሎ አምስት ተሸነፈ። ወረቀቱ እየረዘመ ሄደ። በዘጠነኛው ሳምንት ሬይመንድ የሚል ስም ወጣ። ሬይመንድ እዚያው አካባቢ ያለችው የሳን ፓብሎ ከተማ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ጉልበቱ የታሰረ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል "ጥሩነህ" ብሎ አስተካክሎ የሚጠራው እሱ ብቻ።

ሬይመንድ ሌላም ቀን ከእሱ ጋር ቁርስ ይበላ ስለነበር አልጠረጠረም፤ የአራስ ልጁን ፎቶ አውጥቶ አሳየው። ጥሩነህ መርዶውን አዘገየው። ቢያንስ ሲሰማ ብቻውን አይሁን ብሎ፣ "ቆየኝ፣ መጣሁ" ብሎት የሬይመንድን ጓደኛ ሊፈልግ ወጣ። እሱ በፍለጋ ላይ ሳለ የልምምዱ ፊሽካ ተነፋ። ሬይመንድ ዳቦውን ጎርሶ፣ እንደማንኛውም ቀን ለባብሶ ሜዳ ወረደ።

ኮቹ ሃምሳ ሰው ፊት፣ "አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ከት ተደርገሃል፣ ተሰናብተሃል እኮ! አልነገሩህም?" አለው።

አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ጥሩነህ ሲደርስ ሬይመንድ የዕቃ ማስቀመጫ ሎከሩን እያራገፈ ነበር።

"ታውቅ ነበር አይደል? ስበላ ቁጭ ብለህ እያየኸኝ?"

"አዎ።"

"ፎቶውን ሳሳይህም?"

"አዎ።"

ጥሩነህ ሬይመንድን እንዳያዋርደው ብሎ የያዘው ወግ ራሱ አዋረደው።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ እኔ ዘንድ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ። "ጋሼ አምሐ፣ ለኮቹ ደብዳቤ ይጻፉልኝ።"

ስለ ሰው ክብር የሚል ረጅም መግቢያ ጀመርኩለት።

"አያሳምሩት" አለኝ። "እንዳልኩዎት ብቻ ይጻፉ።"

እንዳለው ጻፍኩ፦ ወደ ላንድሪዬ ብቻ መልሱኝ። ይህ ካልሆነም፣ ስም ስትሰጡኝ አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሰው ስጡኝ።

ኮቹ አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በሚቀጥለው ማክሰኞ አራት ስም ያለበት ወረቀት ሰጠው። ቡድኑ ስድስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ዓመቱን እስኪጨርስ ድረስ አብሮት የሄደ ሰው አልነበረም።