ፈውዚያ አሮጌውን ላፕቶፕ ከመስጠቷ በፊት

መካነ ሰላም ላይ የልብስ ስፌት ሱቄ ከፈውዚያ ጽሕፈት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ፈውዚያ ማመልከቻ፣ ውልና የዋስትና ወረቀት ትጽፋለች። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከደሴ በገዛችው ላፕቶፕ ነበር የምትጽፈው። እጇ ፈጣን ነው፤ ከተማው የሚያከብራት ግን በሌላ ነገር ነው። ባለጉዳይ ሲገባ ሌላውን ሁሉ ታስወጣለች፣ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፣ የሰማችውን ለማንም አትተነፍስም። አንድ ጊዜ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተካሰሱ። የሁለቱንም ክስ የጻፈችው እሷ መሆኗን ያወቁት ከታረቁ በኋላ ነው። "የሰው ቃል አማና ነው፣ አደራ ነው" ትላለች። ከዚህ ሌላ ስለ ሥራዋ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

እኔን በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። ለመለማመጃ አዲስ ወረቀት እየቆረጠች ትሰጠኝ ነበር። የሰው ጉዳይ ተጽፎበት የተበላሸውንማ ለማንም አትሰጥም፣ ታቃጥለዋለች።

በ2006 ክረምት አዲስ ኮምፒውተር ገዛችና አሮጌውን ላፕቶፕ ለልጄ ለፊርደውስ ልስጣት አለች። ፊርደውስ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ አቀስታ ላይ ጽሕፈት ቤት ልትከፍት አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ከማሽኑ ይበልጥ የጓጓችው ውስጡ ላለው የሰባት ዓመት ወረቀት ነው። ጸሐፊ አዲስ ውል ሲመጣለት የቀድሞውን ከፍቶ ስም እየቀየረ ይሠራል። ጀማሪ የሚቸገረው ይህ ስለሌለው ነው።

ከዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል አንዱ የባለቤቴ የሳዲያ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሁለተኛ ሚስት ላገባ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሳዲያ ፊት ለፊት ምንም አላለችኝም። ፈውዚያ ዘንድ ሄዳ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት የፍቺ ማመልከቻ አጻፈች። እኔም ሐሳቤን ተውኩ፣ እሷም ማመልከቻውን ሳታስገባ ቀረች። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አሁን የምጽፈውም ሳዲያ "ጻፈው፣ የምታፍርበት አንተ ነህ" ብላ ስለፈቀደችልኝ ነው። እንግዲህ ልጃችን ላፕቶፑን ስትከፍት እናቷ በአባቷ ላይ ያጻፈችውን ልታነብ ነበር።

ፈውዚያ ከነወረቀቱ ልስጣት ካለች በኋላ ይህ ትዝ ሲላት ሁሉንም ለማጥፋት ቆረጠች። ግን የሰው ወረቀት ነውና ባለቤቶቹን ሳላስፈቅድ አልነካም ብላ ከሰኞ ጀምራ በየቤቱ ዞረች። "የሚፈልጉት ወረቀት ካለ ላትምልዎ፣ ካልሆነ ላጠፋው ነው። ያስቀየምኩዎት ነገር ካለም አውፍ ይበሉኝ" ትላለች። በእኛ አገር ሰው እንዲህ በየቤቱ እየዞረ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ የሚለው ሐጅ ሊሄድ ሲነሳ ነው። ስለ ወረቀቱ የነገረችውን ማንም ልብ አላለው። ረቡዕ ላይ ከተማው በሙሉ ፈውዚያ መካ ልትሄድ ነው ይል ጀመር።

ማዶ ቅመም የምትሸጠው እቴቴ እያነከሰች መጣች። እቴቴ ክርስቲያን ናት።

"አንቺ! ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ? በይ እዚያ ስትደርሺ የጉልበቴን ነገር ለምኚልኝ።"

"ኧረ እቴቴ፣ የምን መካ? ኮምፒውተሩን ላጸዳ ነው።"

"ለኮምፒውተር ነው እንዴ አውፍ በሉኝ የሚባለው? ምን አድርገሽው ነው?"

እውነተኛው ወሬ ሲሰማ ሳዲያ ዘንድም ደረሰ። ያን ዕለት ምሳዬን ይዛ መጥታ እኔን አልፋ ፈውዚያ ዘንድ ገባች። የሰማሁት ስትወጣ ያለችውን ብቻ ነው።

"ከሥሩ ይሁን፣ ፈውዚያ።"

"አብሽሪ" አለች ፈውዚያ።

ሐሙስ የወረዳው የኮምፒውተር ሠራተኛ በእውቀቱ መጣ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ንግግራቸው ይሰማኛል።

"ወረቀቶቹን ልሰርዝና ናሙናዎቹን ልተውላት?"

"ናሙና የለኝም። ሁሉም የሰው ስም አለበት።"

"እንግዲያው ሁሉንም ልሰርዘዋ።"

"የተሰረዘ ተመልሶ አይወጣም?"

"የሚችል ሰው ያወጣዋል።"

"ፊርደውስ ትችላለች?"

"ፊርደውስ? እሷማ እኔንም ታስተምረኛለች!"

"ፎርማት አድርገው።"

"ባዶ ማሽን ልትሰጫት? ከነወረቀቱ ብለሽ ቃል አልገባሽላትም?"

"ገብቻለሁ። አድርገው።"

"እስከ ታች ድረስ ካጠፋሁት ሰዓታት ይፈጃል።"

"ይፍጅ።" ወንበሯን ስባ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። እስኪያልቅ አልተነሳችም።

ዓርብ ፊርደውስ ከእናቷ ጋር መጣች። ላፕቶፑን ከፍታ ትንሽ እንደነካካች ፊቷ ተለወጠ።

"እትዬ ፈውዚያ፣ ወረቀቶቹስ?"

"ጠፉ።"

"ተበላሽተው?"

"አውቄ ነው ያጠፋኋቸው።"

"ወላሂ እትዬ፣ ጉድ ሠሩኝ! ለሰኞ ሦስት የኪራይ ውል ተቀብያለሁ። በምን ልጀምር?"

ፈውዚያ ምክንያቱን አልነገረቻትም። "ተቀመጪ፣ እኔ ልንገርሽ አንቺ ጻፊ" አለቻት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላና ቅዳሜን ሙሉ ውሎቹን በቃሏ አወጣችላት። አከራይ እገሌ፣ ተከራይ እገሊት፤ የበሬ ሽያጭ፣ የዋስትና፣ የሥራ ማመልከቻ። የትኛው ቢሮ ምን ዓይነት አቤቱታ እንደሚመልስና የትኛው ቃል ዳኛ እንደሚያስቆጣ ጨምራ ነገረቻት። ያ ደግሞ በፊትም ላፕቶፑ ውስጥ አልነበረም። ፊርደውስ ኩርፊያዋን የረሳችው ቅዳሜ ጠዋት ላይ ነው።

"የፍቺ ማመልከቻስ?" አለች ልጄ።

 ከፈውዚያ ቀድሞ የሳዲያን ድምፅ ሰማሁ።

"ንገሪያት እንጂ። ትፈልገዋለች።"

"እናንተ ሴቶች፣ ልጄን ምን እያስተማራችኋት ነው?" አልኩ ከግድግዳው ማዶ።

"ጋሽ ሳቢር፣ እርስዎ ሱሪዎን ይስፉ!" አለችኝ ፈውዚያ። ሦስቱም ሳቁብኝ። እኔም ምንም ሳላውቅ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ፊርደውስ የአንድም ሰው ስም የሌለባቸው አሥራ ሰባት ናሙናዎች ይዛ አቀስታ ገባች። ሥራዋ ሰመረላት።

ሳዲያ ነገሩን የነገረችኝ በዓመቱ ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ ሽማግሌ በላክሁበት ሰሞን ፈውዚያ ዘንድ ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን ወረቀት ገልብጣ አስቀምጣው ነበር። ማንበብ እንደማልችል እያወቀች!

ሄጄ ጠየቅኋት። "ምን ብላ ነበር ያጻፈችሽ?"

"ማን?"

"ሳዲያ። ራሷ ነግራኛለች እኮ።"

"እንግዲያው እሷኑ ይጠይቋት። እኔ ዘንድ ምንም የለም።"

ወደ ቤቴ ሄጄ ሳዲያን ጠየቅኋት። በቃሏ ታውቀዋለች። ስድስት ነጥብ ነበረው። አምስቱ እውነት ነው፣ አምኜላታለሁ። በስድስተኛው እስከ ዛሬ እንከራከራለን።