ጋሼና የቶንጋዎቹ አሳማ

የሞንትቤሎ ሰፈር ጎረቤቶቼ፣ ጴንጤዎቹ ባልና ሚስት ጋሼና እትዬ፣ ጡረታ ሲወጡ በወንጌል ሊያገለግሉ ተነሱ፤ የመረጡትም አጎራባቹ ከተማ አውሮራ የሚኖሩትን፣ ከደሴት አገር የመጡትን የቶንጋ ስደተኞች ነበር። መኪና መንዳት ስላቆሙ እሁድ እሁድ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። በሃቫና ስትሪት በኩል የቶንጋዎቹ አዳራሽ እስክንደርስ ጋሼ በጾሜ ይቀልዱብኛል። "እግዚአብሔር ሆድህን አይመረምርም፤ ክርስቲያን ከምግብ ሕግ ነፃ ነው" ይሉኛል። አንዳንዴ እሳቸውን ለማናደድ ብቻ የጾምኩ ይመስለኛል።

አንድ እሁድ ቶንጋዎቹ ሊያከብሯቸው አንድ ሙሉ የአሳማ ጥብስ ከነጭንቅላቱ ጋሼ ፊት አቀረቡ። በባህላቸው የክብር እንግዳው ሳይቀምስ ማንም ምግብ አይነካም። ጋሼ ደግሞ በዕድሜያቸው አሳማ ቀምሰው አያውቁም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

"አንተስ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጋሼ። ነፃ የወጡት እርስዎ ነዎት።"

እትዬ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው። "ጉረስ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ሕፃናቱ ራባቸው።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና ደርቆ ከተጠበሰው ቆዳ ራሳቸው ቆርሰው ደገሙ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሁሉም መብላት ጀመረ።

ስንመለስ በራቸው ላይ ፓርክ ሳደርግ ጋሼ "ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንዳታወራ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጾሜ ቃል አልተነፈሱም።

አሁን ሁለቱም ልጃቸው ዘንድ ሌላ ስቴት ሄደዋል። እሁድ በሃቫና ስትሪት ብቻዬን ስነዳ የሚናፍቀኝ ያ ቀልዳቸው ነው። ያን ክርክር ባላሸንፍ ይሻለኝ ነበር።