ጎባጣው ጋሪ

ሰፈርተኛው «እትዬ ግንዴ» እያለ ነው የሚጠራት። መጀመሪያ ለሹፈት ነበር፤ እሷ ግን ፈገግ ብላ «አቤት!» ስትል ሹፈቱ ከሸፈና ስም ሆኖ ቀረ። ትዳር ከያዘች ጀምሮ የእሷና የባሏ ሥራ አንድ ነው፤ ከዳገቱ ጫካ የተቆረጠ ግንድ አውርደው ጓሯቸው ባለው መሰንጠቂያ ጣውላ ያወጣሉ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪና ዝር አይልበትም። ስለዚህ ግንዱን ሆዱ ላይ አስረው፣ በዘንግ አንጠልጥለው፣ እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነው በትከሻቸው ያወርዱታል። የግንድ ሆድ ማለት ሲያንጠለጥሉት ወዲህም ወዲያም የማያዘነብልበት ቦታ ነው። ሌላው ሰው ሦስት አራቴ እየሞከረ የሚያገኘውን እሷ በእጇ ዳበስ አድርጋ «እዚህ ጋ» ትላለች፤ ተሳስታም አታውቅ።

ዝናቡ ባባራ ሰሞን ባሏ ግንድ እንደተሸከመ አዳለጠውና ወገቡ ተቆረጠ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ አንዲት ባልዲ ውሃ እንኳ እንዳታነሳ» አለው። ያ ጨዋታ አዋቂ ሰው አፉ ተለጎመ። ሲናገርም ወይ በወጡ ጨው ነው ወይ በዝንቡ ነው የሚነጫነጨው። በመስኮቱ በኩል መሰንጠቂያው ስለሚታይ ወንበሩን አዙሮ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ጀመር።

ታላቅ ወንድሙ ይህን አይቶ አዘነ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ይቸኩላል። «እህቴ፣ መሰንጠቂያውን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ» አላት። «እናንተም እኛ ጋ ትገባላችሁ። ክፍል ሞልቷል።»

«እስከ ሳምንት ይታገሱኝ፣ ጋሼ» አለችው። መሰንጠቂያው ከዚያ ጓሮ የወጣ ቀን ባሏም አብሮ እንደሚሄድባት፣ ከዚያ በኋላ የሚቀራት ወንበር ላይ የተቀመጠ ገላ ብቻ እንደሆነ ልቧ ያውቀዋል። ፈራች። ፍርሃት ሲይዛት ደግሞ እጇ አርፎ አይቀመጥም።

በማግስቱ ብረት በያጅ የሆነው የእህቷ ልጅ ዘንድ ሄዳ ወለሉ ላይ በጠመኔ ትሞነጫጭር ገባች።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድነው? በር ነው?»

«ጎባጣ ሰው ነው። ግንድ የሚሸከምልኝ።»

በያጁ ሳቀ፤ ሲገባው ግን ሳቁን ተወና መዶሻውን አነሳ። ከተጣለ መኪና ሁለት ጎማ ፈቱ። ወፍራም የውሃ ቧንቧ ውስጥ አሸዋ ጠቅጥቀው ሁለቱን ጫፍ ደፈኑ፤ ባዶውን ቢያጎብጡት ይጨማደዳላ። ከዚያ እሳት ላይ አግለው ጉቶ አስደግፈው ቀስ እያሉ አጎበጡት። ሁለቱን እግሮቹን ጎማዎቹ ላይ በየዱ፤ አናቱ ላይ ሰንሰለት አንጠለጠሉ፤ ከእሷ ቁመት የሚበልጥ እጀታም ቀጠሉለት። ጎማዎቹ ግንዱን ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል። እጀታው ወደ ላይ ሲቆም አናቱ ወደ ግንዱ ያጎነብሳል፤ ሰንሰለቱ ይታሰራል። እጀታው ወደ ታች ሲሳብ ግንዱ ከመሬት ይነሳል። ሥራው ይኸው ነው፤ ግን ማን አሰበው? እሷ!

ጋሪውን ዳገቱ ላይ አውጥታ መካከለኛ ግንድ መርጣ፣ እንደ ልማዷ ዳብሳ፣ ልክ ሆዱ ላይ አሰረችው። ጎባጣው ግንዱን ብድግ አደረገው። ሜዳው ላይ ስትጎትተው እንደ ባዶ ጋሪ ቀለላት፤ ደስታዋን አልቻለችውም። ቁልቁለቱን ስትጀምር ግን እሷ ጋሪውን መጎተቷ ቀርቶ ጋሪው እሷን ያባርራት ጀመር። እጀታውን ለቃ ቁጥቋጦ ውስጥ ዘለለች። ጎባጣው ግንዱን ታቅፎ ቁልቁል ጋለበና የጓሮውን አጥር ጥሶ ገባ።

ባሏ ድምፁን ሰምቶ ግድግዳ እየተደገፈ ወጣ። እሷ ክንዷ ተቧጭሮ፣ ፀጉሯ ቅጠል ለብሶ መጣች።

«ብትሞቺብኝስ? ማን ሊቆጣኝ ነው?» አለ። ከዚያ ዓይኑ ሰንሰለቱ ላይ ዋለ። «ምነው ሆዱ ላይ አሰርሽው?»

«ግንድ ታዲያ የት ሊታሰር ኖሯል?»

ወገቡን ደግፎ ይስቅ ጀመር። ሲስቅ ካየችው ስንት ጊዜዋ! «የኔ እመቤት፣ በትከሻ ሲሆን እኮ ፍሬኑ እኛ ነን። እግራችን ነው የሚይዘው። ይሄ ጎማ ነው፤ ምን ይዞት ይቁም? ወደ ግንዱ ራስ ጠጋ አድርገሽ እሰሪው። ጭራው መሬት ለመሬት ይጎተት፤ እሱ ይይዝልሻል።»

ዕድሜ ልኳን የኮራችበት ሙያ ነበር አጥር ያስጣሳት። ትንሽ ተናደደች፤ ከዚያ እሷም ሳቀች።

ወንድምየው ገዢ ይዞ በሚመጣበት ጠዋት ባልና ሚስት ዳገቱን ወጡ፤ እሱ በከዘራ፣ ቆም እያለ። ወፍራም ግንድ መረጠች። ራሱ አካባቢ አሰረችና እጀታውን ሳበች። ወገቧ ድረስ ወረደላትና እምቢ አለ።

«ና እስቲ ቁጭ በልበት።»

«ሐኪሙስ?»

«አትቀመጥ ብሎሃል?»

ከዘራውን ጥሎ በቀስታ እጀታው ላይ ተቀመጠ። እጀታው ይዞት ወረደ፤ ከወዲያ የግንዱ ራስ ከነአፈሩ ብድግ አለ። የግንዱን ራስ አየ፤ እሷን አየ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እሷም አለቀሰች። መልሳ ዓይኗን ጠረገችና እጀታውን ከግንዱ ጋር ጠፍራ አሰረች፤ እሱ ሲነሳ ጋሪው ላይ ገመድ ቋጥራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጎተተች። ጭራው መሬቱን እየፋቀ ተከተላት። እሱም ከኋላ «ቀስ! ወደ ግራ!» እያለ ወረደ፤ ድምፁ ሰፈሩን አዳረሰው።

ታች ወንድምየውና ገዢው የጓሮው በር ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ከመንገዱ ዞር በሉልን» አለ ባሏ። «ግንድ ይዘናል።»