ማን ሮጦ ይደርስብኛል?

በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ የአንዲት ልጅ እናት አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ግን ቆማ በእግር ጣቶቿ ከፍ ዝቅ ትላለች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሩጫ ጫማዋን ክር ሁለቴ ቋጥራዋለች፤ የእጅ ሰዓቷ ማሰሪያ ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። እናቷ የክንዷን መክሳት ያላስተዋለችው፣ ዓይኗ ከልጇ ሆድ ላይ ስላልተነሳ ይመስለኛል።

«የወር አበባ እንዲሁ አይቀርም። ንገሪኝ፣ ማነው?»

«ማንም የለም አልኩሽ እማዬ። ደግሞስ ማን ሮጦ ይደርስብኛል?»

ሐኪሟ የሽንት ምርመራውን ውጤት ይዛ በር ላይ ጠርታቸው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እርግዝና የለም። የምትበላው ለሩጫዋ አልበቃ ብሎ ሰውነቷ ጉልበት ለመቆጠብ የወር አበባዋን አቁሞት ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላውንም እንመረምራለን።»

እናት እፎይ ብላ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እኔን ሳታምኚ ሽንቴን አመንሽ?»